ከውጭ ቁጥር፣ ከውስጥ ስም

በጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል መስኮት የሚቆም ሰው ከመዝገብ ሠራተኛዋ አፍ የሚሰማው የመጀመሪያው ቃል «ቁጥር?» የሚል ነበር። «እንደምን አደሩ» የለም፣ «ምን ሆነው ነው» የለም። እያነከሰ የመጣውም፣ ልጅ ታቅፋ የመጣችውም፣ በመኪና የመጣውም እኩል «ቁጥር?» ይባላል። ከዚህ የተነሣ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ «እትዬ ቁጥር» አላት፤ መጀመሪያ ከኋላዋ፣ እያደር ፊት ለፊት። አልተቀየመችም። ሹፈትም ቢሆን ልክ የሆነ ሹፈት ነው ብላ ተቀበለችው።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመዝገብ አያያዝ ተምራ እዚህ ስትመደብ ክፍሉ የአይጥ መንደር ነበር። ካርዱ በጆንያ ታጭቆ ጥግ ለጥግ ተከምሯል። ሰው ሲመጣ የቀድሞው ሠራተኛ ዕጣ እንደሚያወጣ ሰው እጁን ጆንያው ውስጥ ይሰዳል፤ ካጣ አዲስ ካርድ ይጽፋል። እሷ መደርደሪያ አሠርታ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁሉንም በቁጥር ቅደም ተከተል አስቀመጠች። ሽፋኑ ላይ ስም መጻፍን ያስቀረችውም እሷ ናት። ቀድሞ የሰው ስም በጉልህ ተጽፎ ከክፍል ክፍል ሲዞር፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ አንገቱን እያሰገገ ያነብ ነበር፤ ማን ለየትኛው በሽታ እንደሚመላለስ ሰፈር ሙሉ ያውቃል። «ከውጭ ቁጥር፣ ከውስጥ ስም» ብላ ደንብ አወጣች። ሰው በሕመሙ እንዳይታማ ብላ ነው። ጥሩ ደንብ ነበር።

ሌሎች ደንቦችም ነበሯት። ካርድ ከግቢው አይወጣም። መስኮቱ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ካርድ ቆጥሮ ወደ ቦታው መመለሻ ነው። ደግሞም ሦስት ቀጠሮ አከታትሎ የቀረ ሰው፣ በወሩ መጨረሻ ሽፋኑ ላይ «አቋረጠ» የሚል ቀይ ማኅተም ተመትቶበት፣ ከሥሩ እሷ ፈርማበት፣ ካርዱ ወደ ታችኛው መደርደሪያ ይወርዳል።

ታላቅ ወንድሟ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ከከተማው በላይ ዳገቱ ላይ ባለው የድንጋይ ካባ ይሠራል፤ እዚያው ከሠራተኞቹ ቤቶች በአንዱ ይኖራል። በአሥራ ሰባት ዓመት ይበልጣታል። እናትና አባታቸው ቶሎ ስላለፉ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ፊደል ሳትቆጥር ገና በትከሻው ተሸክሞ ትምህርት ቤት ያመላለሳት፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሻንጣዋን በራሱ እጅ የሸከፈላት እሱ ነው። እሷ «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች። እሱ ዲግሪ ይዛ፣ አርባ ዓመት ሞልቷትም «ትንሿ» ይላታል።

የደም ግፊት አለብህ ተብሎ መጀመሪያ ሲመጣ የሥራ ጓደኛውን አስከትሎ፣ ወረፋውን ሁሉ አልፎ መስኮቱ ላይ ተደገፈና «ትንሿ! እስቲ ካርድ ወዲህ በይ!» አላት።

«ወረፋህን ያዝ፣ ወንድም ጋሼ» አለችው፤ ቀና እንኳ ሳትል።

ወንድሟ አንድ አፍታ ትክ ብሎ አያት፤ ከዚያ ድንጋይ የሚያንከባልል ሳቁን ለቀቀው። ሄዶ ከሠላሳ አንድ ሰው በኋላ ቆመ። ተራው ሲደርስ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ቁጥር የለኝም እመቤቴ፣ አዲስ ነኝ» አላት። ሰባት ሺህ ሦስት መቶ ስድስት የሚል ቁጥር ሰጠችው። ከኋላው ለቆመው ጓደኛው ሦስት መቶ ሰባት ደረሰው።

ያን ቀን ያየውን ካባው ላይ ለወር አወራው። «እህቴ ለእኔም አታዳላም!» ይላል። «እንደሷ ያለ ሦስት ሰው ቢኖር አገር ልክ ይገባ ነበር። አራት ከሆኑ ግን መኖሪያ የለንም።»

እሑድ እሑድ በእግሩ ወርዶ ቤቷ ይመጣል። «መድኃኒትህን ትወስዳለህ?» ትለዋለች። «ምን ጠፍቶ!» ይላታል። «ቀጠሮህስ?» ስትል ደግሞ፣ «አንቺ እሑድም ካርድ ክፍል ነሽ እንዴ?» ብሎ ወሬውን ያዞራል። እሷም ትስቅና ትተወዋለች።

አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ሲጠርበው የነበረውን ድንጋይ ተደግፎ ተቀመጠ። ሊያርፍ መስሏቸው ዝም አሉት። አልተነሣም።

ከቀብሩ በኋላ በአምስተኛው ቀን ሥራ ገባች። የሞተ ሰው ካርድ ተዘግቶ ለብቻው ወደ ተቀመጠ ቁም ሣጥን መሄድ አለበት፤ ይህን ሌላ ሰው እንዲያደርገው አልፈለገችም። ወደ መደርደሪያው ሄዳ በጣቷ እየቆጠረች ሰባት ሺህ ሦስት መቶ አምስት ላይ ደረሰች። ቀጥሎ ያለው ሦስት መቶ ሰባት ነው። መሀሉ ባዶ ነው። በአሥራ አራት ዓመት አንድ ካርድ ጠፍቶባት አያውቅም። ላይ ፈለገች፣ ጎን ፈለገች፣ ጠረጴዛውን ገለበጠች። በመጨረሻ ተንበርክካ ከታችኛው መደርደሪያ አገኘችው።

«አቋረጠ» ይላል። ማኅተሙ አልተንጋደደም፣ ቀለሙ አልፈሰሰም፤ እንደ ወትሮው ልክ መሀሉ ላይ ነው ያረፈው። ከሥሩ የእሷ ፊርማ አለ። ያን የወር መጨረሻ ስንት ካርድ እንደመታች ታስታውሳለች፦ አሥራ ዘጠኝ። ከውጭ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ቁጥሩ የማን ነው ብላም አላሰበችም፤ አንዱንም ገልጣ አላየችም።

ወደ ግቢው በር ወጣች። ለምን እንደወጣች እሷም አላወቀችም፤ አየር ፈልጋ ይሆናል። ሽማግሌው ዘበኛ አግዳሚያቸው ላይ ነበሩ። ገና ሲያዩዋት ተነሥተው ቦታ ለቀቁላት።

«ልነግርሽ አፌ ላይ እየመጣ ይመለስብኝ ነበር፣ ልጄ» አሏት። «ወንድምሽ ይመጣ ነበር እኮ።»

«የት?»

«እዚሁ። ገልባጩ ድንጋይ ጭኖ ሲወርድ ጋቢና ይሳፈርና ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል ይደርሳል። አንቺ መስኮቱን ዘግተሻል። ‹ላንኳኳልህ? ውስጥ እኮ ናት› ስለው፣ ‹ይተዉ አባባ፣ ለሌላው ያልከፈተችውን ለእኔ ክፈቺ አልላትም› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እዚችው ላይ አረፍ ይላል፤ ጫማውን አውልቆ አቧራውን ያራግፋል፤ ይሄዳል። አንዴማ ድምፅሽ እስከዚህ ይሰማ ነበር፤ ካርድ ስትቆጥሪ። ‹ስሟት፣ ስሟት› ብሎ ሳቀ።»

ዘበኛው የገባና የወጣውን ሁሉ የሚጽፉበት ጠርዙ የተላላጠ ደብተር ነበራቸው። ስሙ ሦስት ቦታ ተገኘ፤ ሦስቱም ቀጠሮው በነበረባቸው ቀኖች። ከስሙ ጎን የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ በመጨረሻው ዓምድ ላይ ደግሞ ጉዳዩ፦ ካርድ።

ከምሳ በኋላ የታችኛውን መደርደሪያ ሙሉ በሙሉ አወረደችው። ስድሳ ሦስት ካርድ ነው። መሬት ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ገለጠች፤ ስሙን ድምፅ አውጥታ አነበበች፤ አድራሻውን አየች። ከዚያ በቁጥር ሳይሆን ሰዎቹ በሚመጡበት መንገድ ከመረቻቸው። የወፍጮ ቤቱ መንገድ ሰባት፣ የድልድዩ መንገድ ዘጠኝ፣ የትምህርት ቤቱ መንገድ ስድስት። የካባው መንገድ አርባ አንድ።

የተመላላሽ ክፍሏ ነርስ ካርድ ፈልጋ ስትገባ በሩ ላይ ተገትራ ቀረች። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ቀልድ የማይጠፋት ሴት ናት።

«ካርድ መሬት ላይ? አንቺ? እኔ ባደርገው እኮ አሰቅለሽኝ ነበር!»

«ነይ እይ፣ ሲስተር። ይኼ ክምር ሙሉ ካባ ነው።»

ነርሷ ጎንበስ አለች። ሳቋ ወዲያው ጠፋ። «የካባ ሰዎች ቸልተኞች ናቸው ስንል ነበርኮ የኖርነው።»

«እኔም ብያለሁ። በቁጥር ስደረድራቸው እዚህም እዚያም ተበትነው አንድ ላይ አይታዩም። መኪናቸው ስድስት ሰዓት ይደርሳል፤ እኔ አምስት ሰዓት እዘጋለሁ። ይኸው ነው።»

በማግሥቱ ሁለቱም የጤና ጣቢያው ኃላፊ ቢሮ ገቡ። ኃላፊው ወጣት ሐኪም ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው የወረቀት ክምር ከእሱ ይበልጣል። እትዬ ቁጥር ያሰበችውን ባጭሩ ነገረችው። ገልባጩ ከተማ ነው የሚያድረው፤ ጠዋት ባዶውን ነው የሚወጣው። ሐሙስ ሐሙስ እሷና ነርሷ በዚያ ይውጡ። የካባውን ሰዎች ካርድ በሣጥን፣ መድኃኒቱን በሌላ ሣጥን ይያዙ። በሽተኛው ወደ መስኮቱ መምጣት ካቃተው መስኮቱ ወደ እሱ ይሂድ።

«እትዬ፣ ሐዘን ላይ ነሽ» አላት ሐኪሙ በለሰለሰ ድምፅ። «ትንሽ እረፊ። ደግሞስ ካርድ ከግቢ አይወጣም ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ፣ ዶክተር። እኔው ነኝ የማወጣው። አንድ ካርድ ቢጎድል ደሞዜን ሳይሆን ወንበሬን ይውሰዱ።»

ነርሷ ጣልቃ ገባች። «እሷ ቆጥራ ከምታጎድል ፀሐይ ሳትወጣ ብትቀር ይቀላል፣ ዶክተር።»

ሐኪሙ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና «ሦስት ሐሙስ» አለ። «ከዚያ ውጤቱን አይቼ እወስናለሁ።»

በመጀመሪያው ሐሙስ የካባው የመሣሪያ ቤት ውስጥ፣ በአራት ማዕዘን የተጠረበ ትልቅ ድንጋይ ጠረጴዛ ሆነላቸው። ነርሷ መዳፏን ጣል ጣል አድርጋበት፣ «ከዶክተሩ ጠረጴዛ ይሻላል፤ ቢያንስ አይነቃነቅም» አለች። ጠራቢዎቹ ቅንድባቸው ድረስ ነጭ አቧራ ለብሰው ተሰለፉ።

«ሲስተር፣ ይቺ ጨርቅ ይኼን ክንድ ትዞራለች?» አለ አንዱ ለግፊት መለኪያው እጅጌውን እየሰበሰበ።

«ካልዞረች ገመድ አለላችሁ። አሁን ዝም በል፤ ስታወራ ግፊትህም ያወራል።»

ሳቁ የቆመው ማንበብ የሚችል አንድ ጎልማሳ የራሱን ካርድ ሽፋን አይቶ፣ «አቋረጠ ይላል!» ሲል ነው። ካርዱን ለጓደኞቹ አሳየ። «ሦስት ጊዜ በር ላይ ደርሼ ተመልሼ... አቋረጠ?» እትዬ ቁጥር አንገቷን ደፍታ የሚቀጥለውን ካርድ አወጣች።

ሁሉም ሲሰለፉ አንድ ሰው ብቻ ከሥራው አልተነሣም። ሽማግሌ ናቸው፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ድንጋያቸውን ይጠርባሉ። ጋሽ መሮ ይሏቸዋል። የወንድሟ ጓደኛ፣ ያን ቀን ከኋላው የቆሙት፣ ሦስት መቶ ሰባት የደረሳቸው እሳቸው ናቸው። ካርዳቸውን ታውቀዋለች፦ ሁለት ቀጠሮ ቀርተዋል፤ መጨረሻ የተለካው ግፊታቸው ከወንድሟ ይብሳል።

«ጋሽ መሮ፣ ይምጡ እንጂ!» ብላ ነርሷ ተጣራች።

«መስኮቱን ተሸክማችሁ መጣችሁ?» አሉ ሳይዞሩ። «እሷው ትዝጋው። መዝጋት ታውቅበታለች።»

በሁለተኛው ሐሙስም አልመጡም። ከርቀት እያየቻቸው መሮው ከግራ እጃቸው ሲወድቅ አየች። አነሡት። ደግሞ ወደቀ። ጣቶቻቸውን ጨበጥ ዘርጋ እያደረጉ ሲያዩአቸው፣ ከመቀመጫዋ ተነሥታ አጠገባቸው ሄደች።

«ጋሽ መሮ፣ ቀጠሮዎ ዛሬ ነው።»

«ጓደኛዬንም እንደነዚህ ልጆች አቋረጠ ብላችሁ ነው የጻፋችሁት?»

ልትዋሽ አልቻለችም። «አዎ» አለች።

«ማኅተሙን ማን መታው?»

«እኔ።»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብለው አዩዋት። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። «እንግዲያው እኔም አቋርጫለሁ» አሉ። «ምቺው።» መዶሻቸውን አንሥተው ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ።

መዝገብ አይፋቅም። የተሳሳተ ነገር ሲገኝ የቀድሞው ጽሑፍ እንደሚነበብ ሆኖ አንድ መስመር ይሰመርበታል፤ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፤ ቀን ይጻፋል፤ ይፈረማል። ይህን ለስንት አዲስ ሠራተኛ አስተምራለች። የወንድሟን ካርድ ግን ሁለት ሳምንት ያህል ከቁም ሣጥኑ እያወጣች መልሳ አስገብታዋለች። የእህት እጅ የወንድምን መዝገብ ካስተካከለ አድልዎ ነው። «ለእኔም አታዳላም» ይል የነበረው እሱ ነው። ብዕሩን ባነሣች ቁጥር ያ ቃሉ እጇን ይይዛት ነበር።

ከካባው በተመለሰች ማግሥት የዘበኛውን ደብተር ተውሳ ተቀመጠች። ካርድ ከደብተር፣ ቀን ከቀን አስተያየች። ከአርባ አንዱ ሰው ሃያ ዘጠኙ በቀጠሯቸው ቀን፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ በር ላይ ተመዝግበዋል። ወንድሟ ከሃያ ዘጠኙ አንዱ ነው። ለእሱ ብቻ ብትጽፍ አድልዎ ነበር፤ ለሃያ ዘጠኙ ስትጽፍ ግን እሱን ብትዘል ነው አድልዎው። ይህ ሲገባት ብዕሯን አንሥታ በሃያ ዘጠኙም ላይ ማስተካከያውን ጻፈች።

ካርዶቹን ተሸክማ ኃላፊው ዘንድ ሄደች። «በእያንዳንዱ ላይ እኔ ጽፌያለሁ፤ እርስዎ ይፈርሙ» አለችው።

ሐኪሙ አንዱን አንሥቶ አነበበ። «በዚህ ከፈረምኩ እኮ ጥፋቱ የእኛ ነው ማለት ነው።»

«ነው» አለችው።

ሐኪሙ ብዕሩን አወጣ። ሃያ ዘጠኝ ፊርማ ከሰዓት በኋላውን ፈጀበት። ሲጨርስ ራሱ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ መስኮቱ ከነገ ጀምሮ እስከ ስምንት ሰዓት ክፍት ይሁን ብሎ ጻፈ።

በሦስተኛው ሐሙስ መጀመሪያ የሠሩት ሥራ ካርዶቹን ለባለቤቶቻቸው ማንበብ ነበር። «አቋረጠ?» ያለው ጎልማሳ በአዲሱ ጽሑፍ ላይ ጣቱን እያስኬደ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ። አምስት ሰዓት ሆነ። ገልባጩ ተጭኗል፤ ሾፌሩ ጥሩንባ ይነፋል። ጋሽ መሮ አሁንም አልተነሡም።

እትዬ ቁጥር ከሣጥኑ ሥር አንድ ካርድ አውጥታ ወደ እሳቸው ሄደች። ከፊታቸው ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከፈተችው። መጀመሪያ የወንድሟን ስም ከነአባቱ አነበበች። ከዚያ ቀጠለች፦

«አቋረጠ የሚለው ስሕተት ነው። በሽተኛው በሦስቱም የቀጠሮ ቀናት ጤና ጣቢያው ድረስ መጥቷል። የካርድ ክፍሉ መስኮት ተዘግቶ ስላገኘ ተመልሷል። ማስረጃ፦ የጥበቃ መዝገብ።»

መዶሻው ቆመ።

«ድገሚው።»

ደገመችው። ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ «ተመልሷል» የሚለው ጋ ሲደርስ ተሰበረ፤ ግን ጨረሰችው።

«ማነው የፈረመው?»

«ዶክተሩ። ከሥሩ እኔ።»

ጋሽ መሮ መሮውን ሊያስቀምጡ ሞከሩ። የግራ እጃቸው ጣቶች አልዘረጋ አሉ፤ በቀኝ እጃቸው አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረባቸው። እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ድንጋዩ ጠረጴዛ ሄዱ። «ሰዓቱ አልፏል አይደል?» አሏት።

«አላለፈም» አለች። ለሾፌሩ ደግሞ፣ «ጥሩንባህን ተውና ጠብቅ!» ብላ ጮኸች። ስትጮኽ የሰማት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ነርሷ ለካች። እንደገና ለካች። ቀልድ አልነበራትም። «ጋሼ፣ አሁኑኑ ከእኛ ጋር ይወርዳሉ» አለች። ክኒን ሰጥታ፣ ክንዳቸውን ይዛ ጋቢና አስገባቻቸው፤ እሷም አጠገባቸው ገባች። ለሦስተኛ ሰው ቦታ አልነበረም።

«አንቺስ?» አለቻት በመስኮቱ።

«ሂዱ። ካርዶቹን ይዤ በእግሬ እመጣለሁ።»

ገልባጩ አቧራውን ትቶ ወረደ። እሷ ሣጥኑን ትከሻዋ ላይ አደረገች። አርባ አንዱንና የጋሽ መሮን፣ አርባ ሁለት ካርድ ቆጥራ ነው ያስገባችው። ወንድሟ እሑድ እሑድ የወረደበትን መንገድ በእግሯ ስትሄደው የመጀመሪያዋ ነው። ጠጠር ነው፤ ጥላ የለውም፤ ከአንዱ ጠመዝማዛ ሲያልፉ ከተማው የደረሰ ይመስልና እንደገና ይርቃል። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀባት።

ዘበኛው ከሩቅ አይተው ሣጥኑን ሊቀበሏት ተነሡ። አልሰጠቻቸውም።

«ጋሽ መሮ እንዴት ናቸው?»

«ውስጥ ተኝተዋል። ግፊቱ እየወረደ ነው ብላለች ሲስተር፤ እጃቸው ግን ገና ነው። ‹ካርዴ በእግሩ እየመጣ ነው› እያሉ ያስቋታል።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆጠረች፤ አርባ ሁለት ነው። ጫማዋን አወለቀች፤ አቧራውን አራገፈች። ነጭ የድንጋይ አቧራ ነው፤ እግሯ አጠገብ ተቆለለ። ዘበኛው ደብተራቸውን ከፍተው ስሟን ጻፉ፤ ሰዓቱን አይተው ስምንት ሰዓት አሉ። ከዚያ ብዕራቸውን መጨረሻው ዓምድ ላይ አድርገው፣ እንደማንኛውም ገቢ ሰው ጠየቋት።

«ጉዳይ?»

«ካርድ» አለች።